ካፖርቱ በወረቀት ላይ ሳለ፦ የክርስቲያን ዲዮር ታሪክ

ክርስቲያን ዲዮር የሴት ካፖርት ሲነድፍ መሥመር አያበዛም ነበር። ቁመተ ለግላጋ ሴት ትቆማለች፤ ፊቷ ዐይንና አፍንጫ እንኳ በወጉ አልወጣለትም። ከጠባቡ ትከሻዋ ተነሥተው ሁለት የእርሳስ መሥመሮች እየሰፉ እስከ ባቷ ይወርዳሉ። ኮሌታው በአንድ ጭረት፣ እጅጌው በሌላ ጭረት ተመልክቷል። አዝራር ካለው ሁለት ሦስት ነጥብ ጣል ጣል ተደርጎበታል። ሥዕል የሚያውቅ ሰው ቢያየው ለመጀመር ያህል የተሞከረ እንጂ ያለቀ ሥራ ነው አይለውም። ነገር ግን በዚህች ቁራጭ ወረቀት ምክንያት በፓሪስ ከጣራ ሥር በተሠሩ ክፍሎች ውስጥ ብዙ ሴቶች መርፌና ክር ይዘው ያመሹ ነበር፤ ነጋዴዎችም ከአሜሪካ ድረስ ባሕር ተሻግረው ይመጡ ነበር።

በዛሬው ገጻችን የዚህን ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደናል። ስለ ፈረንሳይ ወይዛዝርት ልብስ መጻፍ ለእሑድ ቀን ጨዋታ ያህል ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን። የምንተርከው በሀብት ተወልዶ፣ ሀብቱ እንደ ጉም በኖበት፣ በሽታም ተጨምሮበት፣ ሠላሳ ዓመት ከሞላው በኋላ እርሳስ መያዝን እንደ ተማሪ ልጅ ሀ ብሎ ስለ ጀመረ ሰው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እንገልጻለን።

ዲዮር በጃንዋሪ 21 ቀን 1905 ዓ.ም. ግራንቪል በምትባል የኖርማንዲ የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። ከአምስት ልጆች ሁለተኛው ነው። አባቱ ሞሪስ ዲዮር ባለፋብሪካ ነበሩ፤ ፋብሪካቸውም የሚያወጣው የእርሻ ማዳበሪያ ነበር። ነፋሱ ከፋብሪካው በኩል በነፈሰ ቀን የከተማው ሰው አፍንጫውን ይዞ ሽታውን በዲዮር ስም ይጠራው እንደ ነበር ይተረካል። ያው ስም በኋላ በሽቶ ጠርሙስ ላይ ተጽፎ ዓለምን መዞሩን ስናስብ ፈገግ ሳንል አናልፍም።

እናቱ ማድሌን አበባ ወዳድ ነበሩ። ከባሕሩ በላይ በገደል አፋፍ ላይ በተሠራው ቤታቸው ዙሪያ ሰፊ የአትክልት ቦታ አስተክለው ነበር፤ ልጁም ከእሳቸው ሥር አይጠፋም። ሌሎች ልጆች ኳስ ሲያንከባልሉ እሱ የዘር ሻጮችን ካታሎግ ይዞ የአበቦችን ስም በቃሉ ያጠና ነበር። የቤቱ ግድግዳ ሮዝና ግራጫ ነበር፤ ሁለቱም ቀለሞች እስከ ዕለተ ሞቱ ከሥራው አልተለዩም።

ዲዮር በልቡ የሚመኘው የሕንፃ ነዳፊ መሆንን ነበር። ወላጆቹ ግን ልጃቸውን በዲፕሎማሲ ሥራ ማየት ስለ ፈለጉ በፓሪስ ወደሚገኘው የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ቤት አስገቡት። መግባቱን ገባ፤ ጊዜውን ያሳለፈው ግን ከሠዓሊዎችና ከሙዚቀኞች ጋር ነው፤ ዲፕሎማም ሳይዝ ወጣ። በ1928 ከአባቱ ገንዘብ ተቀብሎ ዣክ ቦንዣን ከሚባል ወዳጁ ጋር የሥዕል መሸጫ ቤት ከፈተ። ገንዘቡ የተሰጠው በአንድ ውል ነበር፤ ይኸውም የዲዮር ስም በሱቁ በር ላይ እንዳይጻፍ ነው። እንደ እነሱ ያለ የተከበረ ቤተ ሰብ ስሙ በሱቅ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ማየትን እንደ ውርደት ይቈጥረው ነበርና። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

ከዚህ በኋላ መከራው በላይ በላዩ መጣ። በ1931 እናቱ ሞቱ። በዚያው ዓመት አባቱ በመሬትና በቤት ንግድ ላይ ያፈሰሱት ገንዘብ በዓለም ላይ በወረደው የኢኮኖሚ ድቀት ምክንያት ጠፋ። የግራንቪሉም ቤት ተሸጠ። በሥዕል ንግዱም ገዢ ታጣ፤ ዲዮርና ሸሪኮቹ ያሳዩአቸው የነበሩ እንደ ሳልቫዶር ዳሊ ያሉ ሠዓሊዎች ሥራ፣ ዛሬ ትልልቅ ሙዚየሞች የሚኰሩበት፣ በዚያን ጊዜ በርካሽ እንኳ የሚያነሣው ሰው አልነበረም። ነገሩ በዚህ ቢበቃ ደግ ነበር። በ1934 ዲዮርን የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ለሕክምናውም ገንዘብ ስላልነበረው ወዳጆቹ አዋጥተው በመጀመሪያ ወደ ተራራ አገር፣ ቀጥሎም የስፔን ደሴት ወደ ሆነችው ወደ ኢቢዛ ላኩት። በዚያ ሲያገግም ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ቢሰለቸው የግድግዳ ምንጣፍ አሠራር ተማረ። በእጁ አንድ ነገር ሠርቶ መጨረስ የሚሰጠውን ደስታ የቀመሰው ያን ጊዜ ነው።

በ1935 ወደ ፓሪስ ሲመለስ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ነበር። ሥራ የለውም፤ አባቱና ታናናሾቹም እርዳታውን ይጠብቃሉ። የተጠጋውም ዣን ኦዜን ከሚባል ወዳጁ ዘንድ ነበር። ኦዜን ለልብስና ለባርኔጣ ቤቶች ሞድ እየነደፈ በመሸጥ የሚተዳደር ሰው ነው። ዲዮር አጠገቡ ተቀምጦ ሲሠራ ያየዋል፤ ቀስ እያለም እርሳሱንና ቀለሙን እየወሰደ መሞከር ጀመረ። ኦዜንም ሳይሰስት አስተማረው። ሌት ተቀን ነድፎ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሥዕሎች ሲሸጡለት ገንዘቡ ኢምንት ቢሆንም እንደ ሀብት ቈጠረው። ለሥራው ዋጋ ተከፍሎት በእጁ የያዘው የመጀመሪያው ገንዘብ ይህ ነበርና።

የሥዕል ሻጭ ኑሮ ግን ቀላል አልነበረም። አቃፊውን በብብቱ ይዞ ከአንዱ ሞድ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል። ኀላፊዋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ታገላብጣለች፤ አንዳንዴ ሁለቱን ትገዛለች፤ አንዳንዴም ሁሉንም መልሳ ታስረክበዋለች። የገዛችው ሥዕል ልብስ ሆኖ ሲወጣ የሚጻፍበት የሞድ ቤቱ ስም ነው፤ የሣለውን ሰው የሚያነሣው የለም። ዲዮር በዚህ ንግድ ውስጥ አንድ ነገር አስተዋለ፤ የባርኔጣ ሥዕሎቹ ቶሎ ይሸጣሉ፤ የልብሶቹ ግን ይመለሱበታል። እኛ እንደሚመስለን ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባርኔጣ በራስ ላይ የሚቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ መልኩን ያየ ሁሉ ይሠራዋል። ካፖርት ግን ከሰውነት ጋር የሚራመድ፣ ከነነፋሱ የሚወዛወዝ፣ ክብደቱን በትከሻ ላይ ጥሎ የሚቆም ነገር ነው። ጨርቁ እንዴት እንደሚወርድ የማያውቅ ሰው የሣለው ካፖርት ከወረቀት አይወርድም። ዲዮርም ይህ ገብቶት የባርኔጣውን ገበያ ሳይተው በልብስ ሥዕል ላይ ሁለት ዓመት ያህል ታገለ።

በመጨረሻም ተሳካለት። በ1938 ሮቤር ፒጌ የተባለው የታወቀ የሞድ ቤት ጌታ በቋሚ ነዳፊነት ቀጠረው። ሥዕሉ ልብስ ሲሆን በየቀኑ በዐይኑ ለማየት የቻለው እዚህ ነው፤ ጌጥ ማሳነስንም ከፒጌ ተማረ።

ጦርነቱ በ1939 ሲጀመር ዲዮር ለወታደርነት ተጠራ። ፈረንሳይ በ1940 ከተሸነፈች በኋላ በደቡብ አገር ካሊያን በምትባል መንደር አባቱና ታናሽ እኅቱ ካትሪን ወደሚኖሩበት ሄዶ አትክልት እያመረተ ተቀመጠ። በ1941 መጨረሻ ግን ወደ ፓሪስ ተመልሶ በሉስየን ሌሎን ሞድ ቤት ሥራ ያዘ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባናል። ሌሎን ጀርመኖች የፓሪስን የሞድ ሥራ ሁሉ ወደ በርሊን ለማዛወር ያሰቡትን ተከራክሮ ያስቀረ ሰው ነው፤ በዚህም ብዙ ሠራተኞች ከእንጀራቸው ሳይነቀሉ ቀርተዋል። ቢሆንም በዚያ ዘመን ልብስ ለመግዛት ገንዘብ ከነበራቸው መካከል የወራሪዎቹ ሹማምንት ሚስቶችና ከጠላት ጋር የነገዱ ሰዎች ቤተ ሰቦች ይገኙ ነበር። ዲዮር ለእነዚህ ደንበኞች ሲነድፍ እኅቱ ካትሪን የውስጥ አርበኛ ሆና ለተባባሪዎቹ መንግሥታት ወሬ ታቀብል ነበር። ለሥራዋ ወደ ፓሪስ ስትመጣም የምታድረው ከወንድሟ ቤት ነው። አንድ ቤት ውስጥ ይህ ሁሉ መገኘቱን ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው ይፍረድ፤ እኛ ግን የሆነውን ብቻ እንጽፋለን።

በጁላይ 1944 ካትሪን ተያዘች። አሠቃይተው ቢመረምሯትም የባልንጀሮቿን ስም አላወጣችም። ፓሪስ ነጻ ልትወጣ ቀናት ብቻ ሲቀሩ በባቡር ተጭና ራቨንስብሩክ ወደሚባለው የሴቶች ማጎሪያ ተወሰደች። ወንድሟ በሚያውቀው ሰው ሁሉ በኩል ሊያስፈታት ደከመ፤ አልሆነም። ወራት ሙሉ ወሬዋ ጠፋ። እሱም ወደ አንዲት ኮከብ ቈጣሪ ሴት እየሄደ በሕይወት መኖሯን ይጠይቅ ነበር፤ ሴትዮዋም ትመለሳለች እያለች ታጽናናው ነበር። ካትሪን በሜይ 1945 ተመለሰች። ወንድሟ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄዶ ሲቀበላት ከመክሳቷ የተነሣ ለይቶ ሊያውቃት አልቻለም። ቤት ወስዶ ያዘጋጀላትን ጥሩ ምግብ ቢያቀርብላት ሰውነቷ ደክሞ ኖሮ መብላት ተሳናት። ከዚህ በኋላ ዲዮር የኮከብ ቈጣሪዋን ቃል ሳይጠይቅ ትልቅ ነገር አልጀመረም፤ የሚያውቁት ሰዎች ይህን እንደ ድክመት ይቈጥሩበት ነበር።

በ1946 ማርሴል ቡሳክ የተባሉ የፈረንሳይ የጥጥና የጨርቅ ባለሀብት አንድ የደከመ ሞድ ቤት እንዲያነሣላቸው ዲዮርን ጠሩት። ዲዮር ዐይን አፋርና ፈሪ መሳይ ሰው ሲሆን በዚያ ቀን ግን ሳይታሰብ ደፈረ፤ የሞተውን ቤት ማስነሣት እንደማይሻ፣ በራሱ ስም አዲስ ቤት ቢከፈት ግን እንደሚሠራ ነገራቸው። መልሱን በሚያሰላስልበት ሰሞን በመንገድ ላይ ሲሄድ እግሩ ከአንድ የወደቀ የብረት ኮከብ ጋር ተጋጨ፤ አንሥቶም በኪሱ ከተተውና እንደ መልካም ምልክት ወሰደው። ቡሳክ ገንዘቡን ሰጡ። ብልህ ነጋዴ ነበሩና ጨርቅ የሚፈጅ ሞድ ለጨርቅ ፋብሪካ ምን ማለት እንደሆነ የገባቸው ይመስለናል። አባቱ ሞሪስ ዲዮር ግን በዚያው በ1946 ሞቱ፤ የልጃቸውን የመጀመሪያ ስብስብ አላዩም።

ስብስቡ የታየው በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1947 በአቬኑ ሞንቴን ቁጥር 30 ነው። ክረምቱ እጅግ ብርቱ ነበር፤ የድንጋይ ከሰል የለም፤ ዳቦ በራሽን ነው። ሴቶች በጦርነቱ ጊዜ የለመዱት ትከሻው እንደ ወታደር የሰፋ፣ ቀሚሱ አጭርና ጠባብ የሆነ ልብስ ነበር። በዚያ አዳራሽ ግን ልጃገረዶቹ ሲወጡ ትከሻቸው ክብ፣ ወገባቸው ቀጭን፣ ቀሚሳቸው እንደ ተገለበጠ አበባ ሰፍቶ እስከ ባት የሚደርስ ሆኖ ታየ፤ ሲዞሩም የቀሚሱ ዘርፍ የተመልካቹን የሲጋራ መተርኰሻ ይጠርግ ነበር። ካርሜል ስኖው የተባለች የአሜሪካ የሞድ መጽሔት አዘጋጅ አዲስ መልክ ስትል ስም አወጣችለት፤ ስሙም በዓለም ቀረ።

ደስታው የሁሉ አልነበረም። አንዱ ቀሚስ እስከ 20 ሜትር ጨርቅ ይፈጅ ስለ ነበር ለልጇ ሸሚዝ የሚሆን ጨርቅ በራሽን የምትጠብቅ እናት ብትቈጣ አይፈረድባትም። በፓሪስ በሌፒክ መንገድ ገበያ ላይ ልብሱን ለፎቶግራፍ ለብሰው የወጡትን ልጃገረዶች የሰፈሩ ሴቶች ይዘው ልብሱን ቀደዱባቸው። በእንግሊዝ አገር የልብስ ራሽን እስከ 1949 ድረስ ስላልተነሣ ሹማምንቱ ሞዱን ነቀፉት። አሜሪካኖች ደግሞ እግር የሚሸፍን ቀሚስ አንለብስም ብለው ማኅበር አቋቋሙ፤ ዲዮር በዚያው ዓመት አሜሪካ ሲገባ ሰሌዳ የያዙ ተቃዋሚ ሴቶች ጠበቁት። በእኛ አስተያየት የሁለቱም ወገን ነገር እውነት አለው። ጨርቁ መብዛቱ እውነት ነው። ያ ጨርቅ ግን ለሸማኔው፣ ለአዝራር ሠሪው፣ ለጥልፍ ሠራተኛዋ፣ ለወደቡም ሥራ መሆኑ እንደዚሁ እውነት ነው፤ በ1950ዎቹ ፈረንሳይ ወደ ውጭ ከምትልከው የሞድ ቤቶች ልብስ ግማሹን ያህል የሚሸጠው የዲዮር ቤት ነበር።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ዲዮር ለአንድ ስብስብ የሚነሣው ከከተማ ወጥቶ ገጠር ቤቱ ሲገባ ነው። ለጥቂት ቀናት ምንም አይሠራም። ከዚያ በድንገት ይጀምረዋል፤ በአልጋው ላይ፣ በገላ መታጠቢያው ውስጥ፣ በምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ በአትክልቱ ቦታ፣ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ ይነድፍበታል። በመቶ የሚቈጠር ሥዕል ይወጣል። ከሥዕሎቹ መካከል ጥሩ ሆኖ የወጣውን ይይዝና ከሱ ሌላ ይወልዳል፤ አንዱ ካፖርት ኮሌታው ሲቀየር ሁለተኛ ካፖርት ይሆናል፣ ወገቡ ሲላላ ሦስተኛ። ሲበቃው መርጦ ወደ ፓሪስ ይዞ ይመለሳል።

በፓሪስ ወረቀቶቹን የሚቀበሉት ማዳም ማርግሪት ካሬ ነበሩ። የቤቱ የስፌት ሥራ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው፤ ያለ እሳቸው የዲዮር ስም ይህን ያህል ባልሄደ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። በወረቀቱ ላይ ልክ አልተጻፈም፤ ስፌቱ የት እንደሚያልፍም አልተነገረም። ማዳም ማርግሪት ሥዕሎቹን ለየክፍሉ ኀላፊዎች ያከፋፍላሉ፤ እያንዳንዷም ሥዕሉን አንብባ በርካሽ አቡጀዲ ታቆመዋለች። እዚህ ላይ ነው የካፖርት ፈተና። ሥዕሉ ሁለት መሥመር ብቻ ቢሆን ኀላፊዋ ሦስት ነገር መገመት አለባት፦ ክብደቱ ትከሻ ላይ ወይስ ወገብ ላይ እንዲያርፍ፣ የጨርቁ ክር ቀጥ ብሎ ወይስ አግድም እንዲወርድ፣ ከውስጥም ምን ያህል ገበር እንደሚያቆመው። ዲዮር ነጭ ጋውኑን ለብሶ፣ ቀጭን ዘንግ በእጁ ይዞ ይመጣና አቡጀዲውን በልጃገረዲቱ ላይ ያየዋል። እሱ አይቀድም፣ አይሰፋም፤ በዘንጉ ጫፍ ያሳያል እንጂ። ትከሻው አንድ ጣት ይግባ፤ ኪሱ ይውረድ። ስፒሉ ይነቀላል፤ እንደገና ይሰካል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እውነተኛው ጨርቅ፣ ሱፉ፣ የሚወጣው፤ ጨርቁ ሲለወጥ ደግሞ ሁሉ ሊበላሽ ይችላልና ብዙ የተደከመበት ካፖርት እዚያው ይቀራል።

ያለቀው እንግዲህ ተጠብቆ የሚኖር ምሥጢር ነው። አንድ ዐይኑ የሠላ ሰው ካፖርቱን ለአፍታ አይቶ ከደጅ ወጥቶ ቢሥለው በጥቂት ቀናት ውስጥ በኒውዮርክ ፋብሪካ በብዛት ሊሰፋ ይችል ነበር። ስለዚህ በማሳያው አዳራሽ መሣል ክልክል ነው፤ እርሳሱን ሲያሾልክ የተገኘ ይወጣል። የውጭ አገር ነጋዴዎች ገና ሲገቡ መያዣ ገንዘብ ያስይዙ ነበር፤ ቀጥሎም ልብሱን ራሱን፣ ወይም አቡጀዲውን፣ ወይም የወረቀት ቅዱን ገዝተው በሕጋዊ መንገድ እንዲያባዙ ይፈቀድላቸዋል። የፈረንሳይ ሕግ የልብስን ንድፍ እንደ ሥነ ጥበብ ሥራ ይጠብቅ ነበር፤ የአሜሪካ ሕግ ግን እንዲህ ያለ ጥበቃ ስላልነበረው ክርክሩ ማለቂያ አልነበረውም። በአንድ ወቅት ሥዕሉን በየበሩ እያዞረ በጥቂት ፍራንክ ይሸጥ የነበረው ሰው አሁን ሥዕሉን ከሌባ ለመጠበቅ ዘበኛ አቆመ።

በ1955 የጸደይ ስብስቡ በመግቢያችን የገለጽነው ዐይነት ልብስ ታየ። ትከሻው ጠባብ፣ ታቹ ሰፊ በመሆኑ ከላቲን ፊደላት የመጀመሪያዋን፣ ማለት አንድ ጫፍና ሁለት እግር ያላትን ፊደል ስለ መሰለ በእሷ ስም ተጠራ። ከስምንት ዓመት በፊት ያጠበቀውን ወገብ ራሱ ፈታው ማለት ነው። የሕንፃ ነዳፊ ለመሆን ተመኝቶ የቀረው ልጅ እዚህ ላይ ይታየናል፤ ጣራና ግድግዳ ያለው ቤት እንጂ ካፖርት አይመስልም።

በዚያው ዓመት አንድ የሞድ መጽሔት አዘጋጅ በአልጄሪያ ኦራን የተወለደ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሥዕሎች ደረሱትና ከዲዮር ሥዕሎች ጋር መመሳሰላቸው አስደንቆት ልጁን ወደ ዲዮር ወሰደው። ዲዮር ወረቀቶቹን አየ፤ ወዲያው ቀጠረው። ልጁ ኢቭ ሳን ሎራን ነበር። በር ለበር የዞረበትን ዘመን ያስታወሰ እንደሆነ ማን ያውቃል።

በማርች 1957 ታይም የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የዲዮርን መልክ በሽፋኑ ላይ አወጣ፤ በእጁም ትልቅ መቀስ አስይዞታል። መቀስ የሙያው ያልሆነውን ሰው! እርሳስ ቢያስይዙት በተሻለ ነበር። ያን ጊዜ ቤቱ ከአንድ ሺህ በላይ ሠራተኞች ነበሩት፤ ስሙም ከሽቶ እስከ ሴቶች ረዥም ካልሲ ድረስ ይሸጥ ነበር። ሰውየው ግን ደክሞ ነበር። በየስድስት ወሩ ከባዶ ወረቀት መነሣትና ዓለም ሁሉ አዲስ ነገር ሲጠብቅበት ማደር ልቡን ጐድቶታል። በኦክቶበር 1957 ለዕረፍት ኢጣልያ ውስጥ ሞንቴካቲኒ ወደሚባል የፍል ውሃ ከተማ ሄደ። ኮከብ ቈጣሪዋ እንዳይሄድ እንደ ከለከለችው ይነገራል፤ እሺ ያላላት በዚህ ብቻ ነው አይደለም የሚሉም አሉ። በዚያ ልቡ ቆሞ በ52 ዓመቱ ሞተ። የቤቱን ሥራ የተረከበው ሳን ሎራን ሲሆን ዕድሜው 21 ዓመት ነበር።

ዲዮር የተቀበረው በካሊያን ነው። ካትሪንም ከጦርነቱ በኋላ በአበባ ንግድና በአበባ እርሻ እየኖረች የወንድሟን ሥራ መታሰቢያ ስትጠብቅ ቈይታ በ2008 ዐረፈች። ከዚያ አስቀድሞ በ1997 በግራንቪል በገደሉ አፋፍ ላይ ያለው የልጅነት ቤታቸው ሙዚየም ሆኖ ተከፍቷል። ሙዚየሙ የሚጠራውም አባቱ በሱቅ በር ላይ እንዳይጻፍ ውል ባስገቡበት በዚያው ስም ነው።